ያውቁ ኖሯል? ስኳርን በሽንት የሚሸኘው ክኒን መነሻው የፖም ዛፍ ሥር ነው!

የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ስለ አዳዲሶቹ የስኳር ሕመም ክኒኖች ጉድ እናሰማዎታለን! ከየት መጡ? እንዴት ተፈተኑ? ለማን ይበጃሉ? ለማንስ ያሰጋሉ? ቤትዎ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ጮክ ብለው ያንብቡለት!

ኩላሊትዎ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ እንደሚያጣራ ያውቁ ኖሯል? ከዚያ ጋር 180 ግራም ገደማ ስኳር አብሮ ይወርዳል። ጤነኛ ኩላሊት ግን አይጥለውም! ለቃቅሞ ወደ ደምዎ ይመልሰዋል።

ለቃሚው ማን ነው? ኤስጂኤልቲ 2 የተባለ ፕሮቲን! ከመቶው 90 ያህሉን እሱ ብቻውን ይመልሳል። የተረፈውን ኤስጂኤልቲ 1 የተባለው ወንድሙ ይጨርሰዋል። አዲሶቹ ክኒኖች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይህን ለቃሚ ሥራ ያስፈቱታል!

ስኳር ያለበት ሰው ይህን ክኒን ሲውጥ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ስኳር በሽንቱ ይወጣል። ከ12 የሻይ ማንኪያ በላይ ነው! በየቀኑ! ያለ መርፌ!

የዚህ ሁሉ መነሻ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? የፖም ዛፍ! እ.ኤ.አ. በ1835 የአውሮፓ ኬሚስቶች ከዛፉ የሥር ቅርፊት አንድ መራራ ነገር አወጡ። ፍሎሪዚን አሉት። ምሬቱን ቀምሰው ትኩሳትና ወባ ያድን ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ!

ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ አሳዩ። እኚሁ ሰው በ1889 ከኦስካር ሚንኮውስኪ ጋር ሆነው የውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር ሕመም ተያዘ! የቆሽትና የስኳር ምሥጢር ያኔ ተገለጠ።

ፍሎሪዚን ራሱ ግን ክኒን ሊሆን አልቻለም። አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ስለዚህ ኬሚስቶች ቅርጹን እየለዋወጡ ደከሙበት። የመጀመሪያው ልጁ ዳፓግሊፍሎዚን በአውሮፓ የተፈቀደው መቼ ነው? በ2012! ከፖሙ ሥር እስከ ፋርማሲው 177 ዓመት!

ከልደታቸው ጀምሮ ስኳር በሽንታቸው የሚወጣ ሰዎች እንዳሉስ ያውቁ ኖሯል? ኤስጂኤልቲ 2ን የሚሠራው ዘረመላቸው ጉድለት አለበት። የደማቸው ስኳር ግን ልክ ነው! አብዛኞቹ ሙሉ ዕድሜያቸውን በጤና ይኖራሉ። ተመራማሪዎችም እነዚህን ሰዎች አይተው ልባቸው ደፈረ።

የመድኃኒት ስም በ«ግሊፍሎዚን» ሲያልቅ ካዩ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኤምፓግሊፍሎዚን፣ ካናግሊፍሎዚን። ሦስቱም በቀን አንዴ ብቻ ይዋጣሉ!

በጤና ጣቢያችን የምናውቀው ግሊቤንክላማይድስ? የእሱ ወገን የተገኘው በታይፎይድ ሰበብ ነው! በ1942 በፈረንሳይዋ ሞንፔሊዬ ከተማ ለታይፎይድ የሙከራ መድኃኒት የወሰዱ ሕሙማን ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪሞቹ ደነገጡ። ከዚያ ድንጋጤ የስኳር ክኒን ተወለደ!

ሜትፎርሚንስ? የአባቱ ቤት የሜዳ አበባ ነው! ጋሌጋ የተባለው የአውሮፓ ተክል ስኳር የሚቀንስ ንጥረ ነገር ነበረው። ፈረንሳዊው ዣን ስተርን ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕሙማን መስጠታቸውን በ1957 አሳወቁ። አሜሪካ የፈቀደችው ግን በ1994 ነው። 37 ዓመት ዘግይታ!

በአፍ የገባ ስኳር በደም ሥር ከተሰጠ እኩል መጠን ያለው ስኳር ይልቅ እጅግ የበለጠ ኢንሱሊን እንደሚያስመነጭ ያውቃሉ? አንጀት ለቆሽት መልእክት ስለሚልክ ነው! ምግቡ እየመጣ ነው፣ ተዘጋጂ ይላታል። አንዱ መልእክተኛ ጂኤልፒ 1 የተባለ ሆርሞን ነው።

ይህ መልእክተኛ ዕድሜው አጭር ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል! አጥፊው ዲፒፒ 4 የተባለ ኢንዛይም ነው። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሲታግሊፕቲን ይህን አጥፊ አስሮ የመልእክተኛውን ዕድሜ ያረዝማል። ስማቸው በ«ግሊፕቲን» የሚያልቀው ክኒኖች ሁሉ ሥራቸው ይኸው ነው!

መርዛማ እንሽላሊት ለስኳር ሕሙማን መድኃኒት እንዳበረከተች ሰምተው ያውቃሉ? ሂላ ትባላለች። በአሜሪካና በሜክሲኮ በረሃ ትኖራለች፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ትበላለች። ዶክተር ጆን ኤንግ በምራቋ ውስጥ ጂኤልፒ 1ን የሚመስል ነገር አገኙ። ከዚያ የተሠራው መርፌ በ2005 ተፈቀደ!

የዚያው ወገን የሆነው ሴማግሉታይድ በ2019 በክኒን መልክ መጣ! ፕሮቲን መሰል መድኃኒት በጨጓራ አሲድ ይፈርሳል፣ በክኒን አይሆንም ሲባል ነበር። ተቻለ! ወደ ደም የሚደርሰው ግን ከተዋጠው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያቺ ቅንጣት ትበቃለች!

አወሳሰዱ ግን ሕግ አለው! በባዶ ሆድ፣ ከ120 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ ውኃ። ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉ መጠበቅ። ቡና እንኳ አይቻልም!

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። የስኳር ክኒን ልብን ሊጎዳ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በ2007 ስቲቨን ኒሰን የተባሉ አሜሪካዊ የልብ ሐኪም 42 ጥናቶችን ደምረው መረመሩ። ሮዚግሊታዞን የተባለው ዝነኛ ክኒን ከድንገተኛ የልብ ጥቃት 43 በመቶ ጭማሪ ጋር ተያይዞ ተገኘ! ስኳርን ይቀንስ ነበር እኮ!

የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ወዲያው ነቃ። በ2008 አዲስ ደንብ አወጣ። ስኳር መቀነስ ብቻውን አይበቃም! እያንዳንዱ አዲስ የስኳር መድኃኒት ልብን እንደማይጎዳ በፍተሻ ያሳይ!

ዳፓግሊፍሎዚን በመጀመሪያ ሲቀርብ ወድቆ እንደነበርስ ያውቃሉ? በ2011 የአሜሪካ አማካሪ ኮሚቴ 9 ለ6 በሆነ ድምፅ አልተቀበለውም። የካንሰር ስጋት ተነሥቶ ነበር። ተጨማሪ መረጃ ቀርቦ የተፈቀደው በ2014 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታዘዛል!

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል? ከፊሉ ሰው እውነተኛውን ክኒን፣ ከፊሉ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ይወስዳል። ማን የቱን እንደወሰደ ታካሚው አያውቅም። ሐኪሙም አያውቅም! ምሥጢሩ የሚፈታው በመጨረሻ ነው።

የግሊፕቲኖቹ ውጤት ምን ሆነ? ሲታግሊፕቲን በ14671 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ልብን አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። ሳክሳግሊፕቲን ግን በ16492 ሰዎች ላይ ሲፈተን በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን 27 በመቶ ጨመረ! አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ጠባይ!

ከዚያ 2015 መጣ! ኤምፓግሊፍሎዚን በ42 አገሮች፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው 7020 የስኳር ሕሙማን ላይ ተፈተነ። በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት 38 በመቶ ቀነሰ! በልብ ድካም ሆስፒታል መግባት 35 በመቶ ቀነሰ!

ውጤቱ ስቶክሆልም ውስጥ ሲነበብ የተሰበሰቡት ሐኪሞች ገና ንግግሩ ሳያልቅ አጨበጨቡ! ጉዳት ለመፈለግ የተጀመረ ፍተሻ ሕይወት አድን ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ይገጥማል?

ደስታው ግን ጥንቃቄን አላስረሳም። በ2017 ካናግሊፍሎዚን በ10142 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ልብን ጠቀመ። የእግር ጣትና የእግር መቆረጥ ግን በእጥፍ ገደማ ጨመረ! በመድኃኒቱ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። በ2020 ተጨማሪ ጥናት ታይቶ ያ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተነሣ።

ጥናት በጣም ስለተሳካ የተቋረጠበት ጊዜ እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ያው ካናግሊፍሎዚን ኩላሊታቸው በታመመ 4401 የስኳር ሕሙማን ላይ ይፈተን ነበር። ጥቅሙ ጎልቶ ስለወጣ ፍተሻው ከቀኑ በፊት ቆመ! ኩላሊት እስከ መድከም የሚያደርሰው አደጋ 30 በመቶ ቀንሶ ነበር።

ይህን ደግሞ ይስሙ! በ2019 ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካም ባለባቸው 4744 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር አልነበረባቸውም! እነሱም እኩል ተጠቀሙ። የስኳር ክኒን ስኳር ለሌለበት ሰው የልብ መድኃኒት ሆነ!

ኩላሊት ሲደክም እነዚህ ክኒኖች ስኳር የመቀነስ ኃይላቸው ይዳከማል። የኩላሊትና የልብ ጥበቃቸው ግን ይቀጥላል! ለምን? ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው በሽንት ምርመራ ስኳሩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንደሚታይ ያውቃሉ? ክኒኑ እየሠራ ነውና! ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሽንት ሲሰጡ መድኃኒቱን አስቀድመው ይናገሩ። ትክክለኛውን የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።

እጅግ አስገራሚው አደጋ ደግሞ ይኸው! ደም አሲድ የሚሆንበት ኬቶአሲዶሲስ የተባለው አጣዳፊ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ጣራ ሲነካ ነው የሚመጣው። በእነዚህ ክኒኖች ግን ስኳሩ ልክ መስሎ ሳለ ሊመጣ ይችላል! የአሜሪካ ባለሥልጣን በ2015 አስጠንቅቋል። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣን ትንፋሽ ካዩ መለኪያው «ደህና ነው» ቢልዎትም ወደ ሆስፒታል ይሩጡ!

ረጅም ጾም ይህን አደጋ እንደሚያባብስ ያውቁ ኖሯል? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ግሊፍሎዚን የሚውጡ ከሆነ ሰውነትዎ ይደርቃል። በረመዳንም እንደዚያው! የሁዳዴ ዋዜማ ሳይደርስ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ የነፍስ አባትዎንም ያማክሩ።

አረቄ በባዶ ሆድ ከዚህ ክኒን ጋር? አደጋው ይብሳል! ብዙ አልኮል ለኬቶአሲዶሲስ በር ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ ነው።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዝዎትስ? ይህ ክኒን ለጊዜው መቆም ሊኖርበት ይችላል። ቀዶ ሕክምና ካለብዎ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቀን በፊት ይቆማል። ኢንሱሊን ግን በራስዎ ውሳኔ አይቋረጥም!

ግሊፍሎዚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ከግሊቤንክላማይድ ወይም ከኢንሱሊን ጋር ሲደረብ ግን ያወርዳል! ላብ ላብ ካለዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይንዎ ጭልም ካለ፣ ጾም ላይ ቢሆኑም ቶሎ የስኳር ውኃ ይጠጡ!

በሽንት የሚወጣው ስኳር ፈንገስን ይጋብዛል! በብልት አካባቢ ማሳከክ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ከተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶች ነው። ሕክምናው ቀላል ነው። አይፈሩ፣ ይናገሩ!

አሁን ወደ ደጋችን! ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኝ ያውቃሉ። አብዛኞቹ የስኳር መለኪያ ማሽኖች የሚሠሩት ግን ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው! በጉና ብርድ ማሽኑ ስሕተት ካሳየ ከጋቢዎ ሥር አሙቀው እንደገና ይለኩ።

ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ይበላሻል! በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። በእርጥብ አሸዋ የተከበበ ማሰሮ ፍሪጅ ለሌለው ቤት ይረዳል። ክኒን ግን ማሰሮም ፍሪጅም አይፈልግም!

ስለ ስኳር ሕክምና ካነሣን የእኛው አካባቢም ታሪክ አለው! የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ዋና ሥራው ወባን፣ ተስቦንና የመሳሰሉትን የሚዋጉ ባለሙያዎችን ለገጠር ማሠልጠን ነበር። ከዚያው ግቢ በገጠር የስኳር ሕክምና ስሟ በዓለም መጽሔቶች የሚነሣ ጎንደር ወጣች!

በ1990ዎቹ በሰሜን ጎንደር ገጠር ኢንሱሊን ለማግኘት ሕሙማን ረጅም መንገድ በእግር ይጓዙ ነበር። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ከብሪታንያ የመጡ አጋሮቻቸው ምን አደረጉ? ሕክምናውን ወደ ሕሙማኑ አወረዱት! በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶች ሠልጥነው ስኳርን መከታተል ጀመሩ።

እዚያ ያገኟቸው ሕሙማን ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም አሉ! ስኳር የወፍራምና የከተሜ ሕመም ይባል የለ? የገጠሩ ሕመምተኛ ግን ወጣት፣ ቀጭን፣ ድኻ ገበሬ ነበር። አብዛኞቹ ወንዶች! የሚያስፈልጋቸውም ኢንሱሊን ነበር።

በ2009 የጎንደር ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ዳያቤቶሎጂያ በተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ ጥያቄ አነሡ። በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር አለ የሚለው የተዘጋ መዝገብ እንደገና ይከፈት! ጥያቄው የተነሣው ከእኛው አገር ነው!

ይህ መዝገብ ጉደኛ ታሪክ አለው! በ1955 በጃማይካ ታወቀ። በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ራሱን የቻለ ዓይነት ብሎ መዘገበው። በ1999 ሰረዘው! በሚያዝያ 2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ዓይነት 5 ብሎ መለሰው። ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰዎች እንዳሉበት ይገመታል!

በእናት ማኅፀን ሳሉ የደረሰ ረሃብ ከ50 ዓመት በኋላ በደም ስኳር ላይ እንደሚታይ ያውቁ ኖሯል? በሆላንድ በ1944 እና በ1945 ክረምት በረሃብ ጊዜ በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ሲያድጉ ስኳርን የመቆጣጠር አቅማቸው ደክሞ ተገኘ! በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የተወለዱት የጋይንትና የስማዳ ልጆች ዛሬ 40 ዓመት ሞልቷቸዋል። ስኳራቸውን ይለኩ!

አሁን ሁለቱን ያገናኙ! ኢንሱሊን ያነሰው ቀጭን ሰው ግሊፍሎዚን ቢሰጠው ምን ይሆናል? ያ ስኳሩ ልክ መስሎ የሚመጣው ኬቶአሲዶሲስ በእሱ ላይ ይበረታል! በ42 አገር የተፈተነ ክኒን ለአንዱ መድን፣ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል።

በዓለም 589 ሚሊዮን ጎልማሶች ከስኳር ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። ከአምስቱ ከአራት በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው! የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበር ከተመሠረተ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ግሊፍሎዚኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ! በ2025 ደግሞ የሴማግሉታይድን ወገን ጨመረ። ከቅንጦት ወደ መሠረታዊ!

ዋጋስ? ሕንድ ውስጥ የዳፓግሊፍሎዚን የባለቤትነት መብት በ2020፣ የኤምፓግሊፍሎዚን ደግሞ በመጋቢት 2025 አበቃ። ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ማምረት ጀመሩ። የኤምፓግሊፍሎዚን ዋጋ እስከ 90 በመቶ ወረደ! ሕንድ ደግሞ ለአገራችን መድኃኒት ከሚልኩት አገሮች አንዷ ናት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኢትዮጵያ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ እንደነበር ያውቃሉ? ጎረቤትዎ ነው የጀመረው! መታወቂያዎን በየዓመቱ ያሳድሱ። የትኛው የስኳር መድኃኒት እንደሚሸፈንም ይጠይቁ።

እንግዲህ 7020 ሰው፣ 10142 ሰው የተፈተነበት ክኒን ለእርስዎ የሚሆነው ሐኪሙ የእርስዎን ሰውነት ሲያውቅ ነው! በሚቀጥለው ቀጠሮዎ እነዚህን ሳይጠየቁ ይናገሩ። ስኳር በስንት ዓመትዎ ጀመረዎ? ያኔ ወፍራም ነበሩ ወይስ ቀጭን? ስንት ሰዓት ይጾማሉ? ምን ይጠጣሉ? ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ኩላሊትዎስ መቼ ተመረመረ? ከዚያ «ይህ ክኒን ለእኔ ዓይነት ስኳር ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ! መልሱን ሳያገኙ ከወንበሩ አይነሡ!